ዝናቡ ካባራ በኋላ ምን ይቀድማል? ለደሴና ለኮምቦልቻ የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ ዝርዝር መመሪያ

ከማዕበል በኋላ ሕንፃ እንዴት እንደሚጠገን ኢንተርኔት ላይ ብትፈልግ መዓት ነገር ታገኛለህ። አብዛኛው ግን የተጻፈው ሃሪኬን ለሚመታቸው የባሕር ዳርቻ ሰዎች ነው። ሃሪኬን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ውቅያኖስ ስለሆነ ወሎ ድረስ አይመጣም። የእነሱ ቤት ብዙውን ጊዜ የእንጨት ነው፣ የእኛ ብሎኬት፣ ድንጋይና ጭቃ። ሥራው ግን ይመሳሰላል። የበልግ ነፋስና በረዶ ቆርቆሮ ሲገነጥል፣ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ከጦሳ እየተንደረደረ ግቢ ሲገባ፣ ኮምቦልቻ ላይ ቦርከና ሞልቶ ምድር ቤት ሲያጥለቀልቅ፣ ጠዋት ስልክ የሚደወለው ለአንተ ነው።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት ሙያ ስላነሰው አይደለም፣ ቅደም ተከተሉን ስለሚያዛባ ነው። ባለቤቱ "ቶሎ በል" ይላል። ተከራይዋ "ወንድሜ፣ መብራቷን ብቻ ልቀቅልን፣ ስልኬ ሞቷል" ትላለች። አንተም ተጣድፈህ ወይ እርጥብ ጣሪያ ላይ ትወጣለህ፣ ወይ ብሬከር ታነሳለህ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ እዚህ ግን የሚፈሰው እህል አይደለም።

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። መብራት ማቋረጥ፣ መሬቱንና ግድግዳውን ማየት፣ ከላይ የሚገባውን ውሃ ማቆም፣ ከታች የተኛውን ማውጣት፣ ማድረቅ፣ የመጠጥ ውሃውን ማስተካከል፣ መብራት መመለስ። ቋሚ ጥገና ከዚያ በኋላ ነው። ልስንና ቀለም ደግሞ የመጨረሻው መጨረሻ።

ከቤት ስትወጣ የምትይዘው

- ወፍራም ሶል ያለው ቦት ጫማ። ከጎርፍ በኋላ ጭቃ ውስጥ ያለው ባለ ሚስማር እንጨት አይታይም።
- ሁለት ዓይነት ጓንት፦ ለቆርቆሮና ለመስታወት የቆዳ፣ ለፍሳሽና ለበረኪና የላስቲክ።
- ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ። ሻማና ክብሪት አይደለም፤ የተገለበጠ የጋዝ ሲሊንደር ያለበት ክፍል ልትገባ ትችላለህ።
- ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መዶሻ፣ ወፍራም ገመድ፣ ማሰሪያ ሽቦ።
- ሸራ፣ የሞራሌ (ቆርቆሮ የሚመታበት የጣሪያ እንጨት) ቁርጥራጮች፣ ሚስማር።
- አንድ ፌስታል ጄሶ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ታየዋለህ።
- ሰው። ብቻህን አትግባ። የሚረዳህ ባይኖር እንኳ ዘበኛው በር ላይ ቆሞ በየጊዜው ይጥራህ።

ሚስማር ወይም ቆርቆሮ ከወጋህ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂድ፣ የቴታነስ መርፌ ጠይቅ። "ነገ እሄዳለሁ" አትበል፣ ነገም ሥራ አለ።

ደረጃ 1፦ ከውጭ ሆነህ ዙር

ወዲያው አትግባ። ከአጥሩ ውጭ ጀምረህ ሕንፃውን ዙረው፣ መጀመሪያ ወደ ላይ እያየህ። የምትፈልገው የተንጠለጠለ ቆርቆሮ፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ያጋደለ ሮቶ፣ የተጎተተ ወይም የወደቀ የመብራት ሽቦ ነው።

ሽቦ መሬት ላይ ካየህ ቢያንስ 10 ሜትር ራቅ፣ ሌላውንም ሰው አርቅ። እርጥብ መሬት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሳታውቅ ተጠግተህ ከሆነ እግርህን ሳታነሳና ሳታራርቅ መሬቱን እየጎተትክ በትናንሹ ተመለስ፤ ሰፊ እርምጃ በሁለት እግርህ መካከል ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ መንገድ ይከፍትለታል። ከዚያ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውል። በደረቅ እንጨት ገፋ አደርገዋለሁ ማለት አይሠራም፣ ትናንት ሌሊት ሙሉ ዝናብ የዘነመበት እንጨት ደረቅ አይደለም።

ስትገባ ጋዝ ከሸተተህ ማብሪያ ማጥፊያ አትንካ፣ ማጥፋትም ቢሆን ብልጭታ ያመጣል። የሲሊንደሩን መዝጊያ አጥብቅ፣ በርና መስኮት ክፈት፣ ውጣ።

ምንም ነገር ከማንሳትህ በፊት ፎቶ አንሳ። ከሩቅ አንድ፣ ከቅርብ አንድ፣ የውሃው ልክ ግድግዳ ላይ የተወውን መስመር ጨምሮ። ኢንሹራንስ ባይኖር እንኳ፣ ከወር በኋላ ባለቤቱ "ይሄ ስንጥቅ ድሮም ነበረ እንዴ?" ሲል መልስ ይኖርሃል።

ደረጃ 2፦ መብራቱን ቁረጥ፣ "ጠፍቷል" ቢሉህም

በማዕበል ጊዜ መብራት ስለሚሄድ ሰው ሁሉ ዘና ይላል። አደጋውም እዚህ ነው። መስመሩ ሰው ሳይነግርህ በማንኛውም ሰዓት ይመለሳል፣ አንተ ደግሞ እጅህ እርጥብ ሳጥን ውስጥ ነው። ቴስተርህ አሁን ባዶ ቢያሳይህ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስላለው የነገረህ ነገር የለም።

1. ወደ ዋናው ማከፋፈያ ሳጥን የሚወስደው መንገድ ደረቅ መሆኑን እይ። ውሃ ላይ ቆመህ ብቻ ልትደርስበት የምትችል ከሆነ አትድረስበት። 905 ደውለህ ከውጭ እንዲያቋርጡት ጠይቅ።
2. ደረቅ ከሆነ ደረቅ ጣውላ ወይም ላስቲክ ላይ ቁም። በአንድ እጅ ሥራ፣ ሌላው እጅህ ሳጥኑንም ግድግዳውንም አይንካ።
3. ዋናውን አውርድ። ከዚያ ትንንሾቹን ብሬከሮች አንድ በአንድ አውርድ። ሁሉንም።
4. ሳጥኑን ዝጋና "ሰው እየሠራ ነው፣ አይነካ" ብለህ ለጥፍበት። ቁልፍ ካለው ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ይግባ። ዋናውን የሚያነሳ አንድ ተከራይ መቼም አይጠፋም።
5. ጀነሬተር ካለ እሱንም አጥፋ።

ስለ ጀነሬተር እዚሁ ልጨርስ። ውጭ ይሁን፣ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ። በረንዳ ውጭ አይደለም፣ የደረጃ ሥርም ውጭ አይደለም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ያስተኛና አያስነሳም። ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ሶኬት መሰኪያ ያለው ገመድ ሠርተህ ጀነሬተሩን ግድግዳ ሶኬት ላይ አትስካ። ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ሄዶ በትራንስፎርመሩ በኩል ሲያልፍ ከፍተኛ ሆኖ ይወጣና ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይገድላል። መቀያየሪያ ማብሪያ ከሌለ ጀነሬተሩን ከቤቱ መስመር ጋር አታገናኝ፤ የምትፈልገውን ዕቃ በማራዘሚያ ገመድ በቀጥታ ከሱ ላይ ስካ።

አሳንሰር ያለው ሕንፃ ከሆነ፣ ጉድጓዱ ውሃ ገብቶት እንደሆነ ሳታይ አትሞክረው። አጥፍተህ ባለሙያውን ጥራ።

ደረጃ 3፦ መሬቱንና ግድግዳውን እይ

ደሴ ላይ ይሄ ደረጃ ከጣሪያው ይቀድማል። ከተማዋ ቁልቁለት ላይ ናት፤ በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላው የአዝዋ ገደል። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ያንሸራትታል። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ከወጣ በኋላም መሬቱ ሊንቀሳቀስ ይችላል፣ ምክንያቱም ከላይ የሰረገው ውሃ ገና ወደ ታች እየመጣ ነው።

እነዚህን ካየህ ሰው አስወጣና ሥራውን አቁም፦

- ከሕንፃው በላይ ባለው መሬት ላይ አዲስ የተከፈተ መሰንጠቅ፣ በተለይ እንደ ግማሽ ክብ የዞረ።
- ትናንት ቀጥ ብሎ የነበረ ባሕር ዛፍ፣ የአጥር ቋሚ ወይም የመብራት ምሰሶ ዛሬ ሲያጋድል።
- ድሮ ውሃ በሌለበት ቦታ የፈለቀ ምንጭ፣ ወይም ግቢ ውስጥ በድንገት የደፈረሰ ውሃ።
- በሮችና መስኮቶች በአንድ ጊዜ አልዘጋ ማለት። አንዱ በር ብቻ ከሆነ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ይሆናል። በአንድ በኩል ያሉት ሁሉ ከሆኑ ግን ጉዳዩ የእንጨት አይደለም።

የድጋፍ ግንብ

ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ከሆነ ከሥሩ አትቁም። ከጎን እየው። ከኋላው ያለውን ውሃ የሚያወጡት ትንንሽ ቱቦዎች ብዙ ጊዜ በጭቃ ይደፈናሉ፣ ውሃው ከኋላ ይጠራቀማል፣ ግንቡን የሚጥለውም እሱ ነው። ግንቡ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቱቦዎቹን በቀጭን ፌሮ ክፈታቸው፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ቆመህ፣ ውሃው በኃይል ሊወጣ ስለሚችል። ካበጠ ግን አትነካካው፣ መሐንዲስ ይየው።

የጄሶ ምልክት

ስንጥቅ ስታይ ዋናው ጥያቄ ስፋቱ አይደለም፣ እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል ነው። ጄሶው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በትንሽ ውሃ ለውሰው። ስንጥቁ ላይ አቋርጦ የሚያልፍ ሁለት ጣት የሚያህል ስስ ልጥፍ አድርግ፣ ቀለም የተፋቀበት ንጹሕ ቦታ ላይ። ከመድረቁ በፊት በሚስማር ጫፍ ቀኑን ቧጭርበት። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ጄሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ፀጉር ታህል እንኳ ከሄደ መሃሉ ላይ ጥርት ያለ መስመር ይወጣል። በማግስቱ ተመልሰህ እይ። መስመር ካለ ያ ግድግዳ እየሄደ ነው፣ ልስን አይነካው። ከሳምንት በኋላም ሙሉ ከሆነ ትንሽ ተንፍስ።

ከመስኮት ጥግ ሰያፍ ሆኖ የወጣ፣ በብሎኬቶቹ መገጣጠሚያ ደረጃ እየሠራ የወረደ፣ ወይም ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን ጄሶ አያስጠብቅም። በዚያው ቀን መሐንዲስ ጥራ።

የጭቃ ቤት ከሆነ ሌላ ወግ ነው። የታችኛው ክፍል ውሃ ከጠጣ ቋሚው እንጨት ክብደቱን ይያዝ አይያዝ ከውጭ አይታይም። አትደገፈው፣ መሰላል አታስደግፍበት፣ በውሃ አትጠበው። ከላይ ያለውን ወራጅ (የጣሪያውን እንጨት) በባሕር ዛፍ ግንድ ከውስጥ ደግፈው፣ ከግንዱ ሥር ጣውላ አድርግ። ሌላው ሥራ ሲደርቅ።

ደረጃ 4፦ ከላይ የሚገባውን ውሃ አቁም (ለጊዜው)

ዛሬ ጣሪያ አትሠራም፣ ትሸፍናለህ። ሁለቱን አታምታታ። ማታ ደግሞ ሊዘንብ ይችላል።

መጀመሪያ ኮርኒሱን እይ። ውሃ ያዘለ ኮርኒስ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ወደ ታች ይወጠራል። ራሱ እስኪወርድ አትጠብቀው። መብራቱ መቋረጡን አረጋግጥ፣ ክፍሉን ባዶ አድርግ፣ ባልዲ አስቀምጥ፣ ከጎን ቁምና ዝቅ ያለውን ነጥብ በካቻቢቴ ጫፍ ውጋው። ቀዳዳዋ ጠባብ ትሁን። ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል፣ ኮርኒሱም አንዳንዴ ይተርፋል።

አሁን ወደ ላይ፦

1. ነፋሱ መቆሙንና ቆርቆሮው መድረቁን አረጋግጥ። ደሴ ላይ የጠዋት ጉም ቆርቆሮውን ያረጥበዋል፤ አራት ሰዓት ድረስ ብትጠብቅ ማንም አይሞትም።
2. መሰላሉን በአራት ሜትር ከፍታ አንድ ሜትር ያህል ከግድግዳው አርቀህ ትከል። አናቱ ከጣሪያው ጠርዝ አንድ ሜትር ይለፍ። እሰረው። ታች የሚይዝ ሰው አቁም።
3. ገመዱን ወገብህ ላይ አስረህ ሌላውን ጫፍ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር እሰር። ከኮልሞው (ከጣሪያው አናት) ላይ ካለ ቆርቆሮ ጋር ማሰር፣ ማሰር አይባልም።
4. የሚስማር መስመር ላይ ብቻ ርገጥ። ከሥሩ ሞራሌ አለ። ሚስማር በሌለበት መሃል ላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው፣ የድሮ ዝገት ከሆነ ደግሞ እሱም የለም።
5. የተንጠለጠለውን ቆርቆሮ ከታች ሰው አለመኖሩን አይተህ አውርድ። አትወርውር፣ በገመድ።
6. ሸራውን ኮልሞውን አሻግረህ ወደ ሌላኛው ጎን አሳልፍ። ጫፉ ኮልሞው ላይ ብቻ ከቆመ ውሃው ከሥሩ ይገባል።
7. የሸራውን ጠርዝ በሞራሌ ቁራጭ ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልልና ቁራጩን ከሥሩ ካለው ሞራሌ ጋር ምታው። ሸራውን በባዶ ሚስማር ከመታኸው በመጀመሪያው ነፋስ ይቀደዳል። ድንጋይ ጭኖ መተው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ሌሊት ድንጋዩ ሰው ላይ ይወርዳል።

በረዶ ጥሎ ከነበረ አሸንዳውንና ሁለት ጣሪያ የሚገናኝበትን ኮንቨርሳ እይ። በረዶው እዚያ ይከመርና ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል። ጣሪያው ምንም ሳይሆን "አፈሰሰ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። በፕላስቲክ መዛቂያ ወይም በእንጨት ጥረገው። የብረት አካፋ ኮንቨርሳውን ይበሳዋል፣ ያኔ የእውነት ያፈሳል።

ሸራ ባይበቃስ? መኝታ ክፍልና የመብራት ሳጥን ያለበት ይቅደም። ኮሪደር ትንሽ ቢረጥብ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ከታች የተኛውን ውሃ አውጣ

ይሄ በተለይ ለኮምቦልቻ ነው። ምድር ቤት ሞልቶ ስታይ ፓምፕ አምጥተህ በአንድ ጊዜ መምጠጥ ያምርሃል። አትምጠጥ። ውጭ ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ግድግዳውን እየገፋ ነው። ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ መልሶ እየገፋው ነው። የውስጡን በአንዴ ስታወጣው ግድግዳው ብቻውን ይቀራል፣ ወደ ውስጥ ይደረመሳል ወይም ወለሉ ይነሳል።

1. ግቢው ላይ ያለው ውሃ እስኪወርድ ጠብቅ።
2. 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቀንስ። ልኩን ግድግዳው ላይ በሚስማር ጫርና አቁም።
3. በማግስቱ እይ። ውሃው ከምልክቱ በላይ ከወጣ ቸኩለሃል፣ አንድ ቀን ጨምር።
4. ባለበት ከቆየ በየቀኑ ከነበረው አንድ ሦስተኛውን ያህል አውጣ።

ባለቤቱ "ለምንድን ነው የማትጨርሰው?" ካለህ ይሄንኑ አስረዳው። የፓምፕ ኪራይ ሁለት ቀን ቢጨምር ግድግዳ ከመሥራት ይረክሳል።

ጭቃውን እርጥብ እያለ በአካፋ አውጣ። ከደረቀ ዶማ ይጠይቃል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ ከነበረ ጭቃው ፍሳሽ ነው ብለህ ቁጠረው፤ ልጆች አይግቡበት፣ ሳትታጠብ ምግብ አትንካ። ጉድጓዱን ግን ዛሬ አታስመጥጥ። መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ሳለ ባዶ ታንክ ከመሬቱ ሊነሳ ወይም ሊደረመስ ይችላል። ዙሪያው ትንሽ እስኪጠነክር ቆይ፣ እስከዚያ ተከራዮቹ ውሃ ይቆጥቡ።

ደረጃ 6፦ ማድረቅ

ሻጋታ በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ስለዚህ ውሃው እንደወጣ በዚያው ቀን ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ ካርቶን፣ የረጠበ ቺፕውድ ውጭ ይውጣ። የረጠበ ቺፕውድ ደርቆ አይመለስም፣ አትልፋ።

መስኮቶችን ፊት ለፊት የሚተያዩትን ክፈት። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ነፋስ ብቻ ብዙ ይሠራልሃል። ደሴ ቀዝቃዛና እርጥብ ናት፤ ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ክፈት፣ ጉም ሲወርድ ዝጋ።

ክፍል ለማድረቅ ከሰል አታንድድ። ሰው ይሄን ያደርጋል፣ በተለይ ደሴ ላይ ማታ ሲበርድ፣ "ግድግዳውም ይደርቃል እኛም እንሞቃለን" ብሎ። ከጀነሬተሩ የሚወጣው ያው ገዳይ ጋዝ ከከሰልም ይወጣል። ለተከራዮቹ ራስህ ዞረህ ንገራቸው።

የብሎኬት ግድግዳ ውጩ ቢደርቅም ሆዱ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። የታችኛው ረድፍ ላይ በየብሎኬቱ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብሳ፣ ውሃው ይውረድ። ሲያበቃ ትደፍነዋለህ።

ደርቋል አልደረቀም?

በእጅ መዳበስ አይበቃም። እጅ የሚያህል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቁረጥና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፍ። 24 ሰዓት ተወው። ከጀርባው ላብ ካለው ግድግዳው ገና ነው። ቀለም ቀብተህበት ከሆነ ወር ሳይሞላ ይላጣል፣ ጥፋቱም የአንተ ይባላል።

ሻጋታ ከጀመረ፦ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ጥረግ፣ ከዚያ አንድ የሻይ ብርጭቆ በረኪና በሁለት ሊትር ውሃ በጥብጠህ ቀባ፣ መስኮት ከፍተህ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አታቀላቅል። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። በአንድ ባልዲ ተራ በተራ መጠቀምም ያው ማቀላቀል ነው። ባልዲውን እጠብ።

ደረጃ 7፦ የውሃ ታንከር

ጎርፍ የነካው የመሬት ውስጥ ታንከር ውሃው ጥርት ቢልም ለመጠጥ አይሆንም።

1. ሙሉ በሙሉ አውጣ፣ ዝቃጩን ጨምሮ። ከመውረድህ በፊት ክዳኑን ከፍተህ አናፍሰው፣ ላይ ሰው አቁም፣ ገመድ እሰር። ውስጡ ከጀነሬተር ወይም ከነዳጅ ፓምፕ ጋር አትግባ።
2. ግድግዳውን ፈትግ፣ አለቅልቅ፣ አውጣ።
3. ሞልተህ ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር በረኪና ጨምር (ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ)።
4. በየቧንቧው ሽታው እስኪመጣ ክፈት፣ ከዚያ ዝጋና 24 ሰዓት አቆየው። በየቧንቧው ላይ "አይጠጣም" ብለህ ጻፍ።
5. ይሄን ውሃ ሁሉ ድፋ። በንጹሕ ሙላ።

ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነፋስ ካንቀሳቀሰው መቆሚያውንና የቧንቧውን መገጣጠሚያ እይ። ነፋስ የሚጥለው ባዶውን ነው፤ 2,000 ሊትር የሞላ ሁለት ቶን ይመዝናል፣ ንቅንቅ አይልም። ግን መቆሚያው ከተጣመመ ሳትጠግነው አትሙላ።

ደረጃ 8፦ መብራት መመለስ

ውሃ የነካው ብሬከር፣ ሶኬትና ማብሪያ ይቀየራል። ፀሐይ ላይ አድርቆ መመለስ የለም። ውስጡ ጭቃና ዝገት የቀረበት ብሬከር ዛሬ ይሠራል፣ ከወር በኋላ አልቆርጥ ይላል፣ እሳት ይመጣል። ይሄን ክፍል ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ቢሠራው ይሻላል፤ አንተ ከሆንክ ደግሞ እንደዚህ፦

1. ዕቃዎች ሁሉ ከሶኬት ይነቀሉ።
2. ትንንሾቹ ብሬከሮች ሁሉ ወርደው እያሉ ዋናውን አንሳ።
3. ቮልቴጁን ለካ። በፌዝና (ኤሌክትሪክ በሚያመጣው ሽቦ) በኒውትራል (በመመለሻው) መካከል 220 አካባቢ፣ በሁለት ፌዝ መካከል 380 አካባቢ መሆን አለበት።
4. ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አንሳ። በእያንዳንዱ መካከል ትንሽ ቆይ፣ አሽትት፣ አዳምጥ።
5. የሚወድቅ ብሬከር ካለ ደግመህ ደጋግመህ አታንሳው። እዚያ መስመር ላይ ውሃ ሊኖር ይችላል። አውርደው ተወው፣ ሌላውን ቀጥል።

አንዱ አምፖል ከልክ በላይ ደምቆ ሌላው ከፈዘዘ፣ ወይም ፌዝና ኒውትራል ላይ 300 ካነበብክ፣ ዋናውን ወዲያው አውርድ። ነፋሱ ኒውትራሉን በጥሶታል። በሦስት ፌዝ ሕንፃ ይሄ ሲሆን ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በአንዴ ይቃጠላል። ችግሩ ምሰሶው ላይ ሊሆን ስለሚችል ሳታነሳው 905 ደውል።

የሦስት ፌዝ ፓምፕ ካልዞረና እም እም ካለ አንድ ፌዝ ጎድሎት ሊሆን ይችላል። በሰከንዶች ውስጥ አጥፋው፣ ካልሆነ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል። ውሃ የጠለቀ ሞተር ደግሞ ተፈትቶ፣ ደርቆ፣ ኢንሱሌሽኑ ተለክቶ እንጂ "እስቲ ልሞክረው" ተብሎ አይነሳም።

ደረጃ 9፦ ጣሪያውን በቋሚነት

አሁን ነው የጣሪያው ቀን። የተነቀለውን ቆርቆሮ አንስተህ የሚስማሩን ቀዳዳ እየው። ቀዳዳው ክብ ከሆነና ሚስማሩ ከነእንጨቱ ስንጥር ከወጣ፣ የለቀቀው ሞራሌው ነው። ቀዳዳው ተቀዶ ከሰፋና ሚስማሩ ሞራሌው ላይ ከቀረ፣ የለቀቀው ቆርቆሮው ነው፤ ወይ ስስ ነበር፣ ወይ ሚስማሩ ላስቲክና ቆብ አልነበረውም። የመጀመሪያው ሞራሌ መቀየር ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ቆርቆሮ። ሳታይ ሁሉንም በአዲስ ሚስማር ብትመታው በሚቀጥለው ነፋስ እንደገና ትጠራለህ።

- ቆርቆሮ ስትገዛ ጌጁን ጠይቅ። ቁጥሩ ሲያድግ ይሳሳል፤ 35 ከ28 በጣም የሳሳ ነው። ርካሹ ለምን እንደረከሰ እዚህ ይታያል።
- ጥሬ ባሕር ዛፍ ለሞራሌ አትጠቀም። ሲደርቅ ይኮማተርና ሚስማሩን ይለቃል።
- ሞራሌውን በሚስማር ብቻ አትተወው። ከሥሩ ካለው እንጨት ጋር በሽቦ ወይም በላሜራ እሰረው፣ ያንን ደግሞ ከግድግዳው ጋር። ነፋስ ጣሪያን የሚያነሳው ከሥር እንጂ የሚጫነው ከላይ አይደለም።
- ሚስማር ጉብታው ላይ እንጂ ጎድጓዳው ላይ አይመታም። ጠርዝና ኮልሞ ላይ በየሁለተኛው ጉብታ፣ መሃል ላይ በየሦስተኛው።
- ወደ ታች ሲደራረብ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ጣሪያው ጠፍጠፍ ያለ ከሆነ 20። ወደ ጎን ሲደራረብ አንድ ጉብታ ተኩል። የተደራረበው አፍ ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ ይሁን።
- በአሮጌ ቀዳዳ ውስጥ ሚስማር አትመልስ። አጠገቡ አዲስ ምታ፣ አሮጌውን በሲሊኮን ድፈን።

ጣሪያው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ቤትህ አትቀመጥ። ባትሪህን ይዘህ ኮርኒስ ውስጥ ግባ፣ እንጨቶቹን እየረገጥክ። ዝናብ እየዘነበ ከውስጥ ሆኖ ማየት፣ ደረቅ ቀን ከላይ ሆኖ ቀዳዳ ከመፈለግ በብዙ ይቀልላል። ውሃ ሞራሌውን ተከትሎ ስለሚሄድ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚገባበት አይደለም፤ ወደ ላይ ተከተለውና የሚገባበትን በከሰል ምልክት አድርግበት። ስትወርድ የጄሶ ልጥፎቹንም እግረ መንገድህን እይ፣ አዲስ መስመር ያወጣውን ፎቶ አንስተህ ቀኑን ጻፍና ለመሐንዲሱ ላክ።